ገጭቶ ያመለጠ መኪና በጎጃም መንገድ ላይ እንዴት ይፈለጋል?

በአስፋልት ዳር ሰው ተገጭቶ ሲገኝ የተሰበሰበው ሕዝብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ታርጋውን ያየ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ያየ ከሌለ ብዙው ሰው ነገሩን ለፈጣሪ ሰጥቶ ወደየቤቱ ይበተናል፤ መርማሪውም አንዳንድ ጊዜ ከሕዝቡ የተሻለ ተስፋ አይኖረውም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው ከሚል እምነት ነው። ታርጋ በጨለማ የማይነበብ፣ በጭቃ የሚሸፈን፣ ተፈትቶም የሚለወጥ ነገር ነው። ሰው የገጨ መኪና ግን ከራሱ አካል ጥቂት በመንገዱ ላይ ሳይጥል፣ ከተገጨው ሰውም ጥቂት ሳይዝ የሚሄደው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በጎጃም ከብት ሲነዳ ሌባውን በስም የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ማንም አይጠብቅም፤ ወዲያው ዱካ ይያዛል። ለመኪናም የሚያዘው ዱካ ነው፤ ልዩነቱ የመኪናው ዱካ በመስታወት ስባሪ፣ በቀለም ቅርፊት፣ በዘይት ጠብታና በጋራዥ በር ላይ መጻፉ ብቻ ነው።

ጽሑፉ ለመርማሪ ፖሊሶች ብቻ የታሰበ አይደለም። ማስረጃው የሚድነውም የሚጠፋውም ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ለተጎጂ ቤተሰቦች፣ ለቀበሌ ሰዎች፣ ለጋራዥ ባለቤቶችና ለአሽከርካሪዎችም ጭምር ነው።

ተጎጂውና ቦታው

የቆሰለውን ማትረፍ ከምርመራው ሁሉ ይቀድማል። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል፤ በአካባቢው የሚገኘው የወረዳ ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር የሚታወቅ ከሆነ ግን እሱ ይፈጥናል። የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በማናቸውም ጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አዋጁ ሲወጣም ለዚህ እስከ 2,000 ብር ተቀምጦለት ነበር። ስለዚህ «ገጪው ሳይታወቅ ከፋዩ ማን ነው?» የሚለው ክርክር ሰውየውን በር ላይ ሊያስቆመው አይገባም።

ተጎጂውን ለማንሣት ሰው ሲረባረብ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ አወዳደቁን በሁለት ወይም በሦስት ፎቶ ቢይዝ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድበትም። ጭንቅላቱ በነበረበት ቦታ ድንጋይ፣ እግሩ በነበረበት ቦታ ሌላ ድንጋይ ማስቀመጥም ለኋላ ይጠቅማል። ጫማው ርቆ ወድቆ ከሆነ በወደቀበት ይተው፤ «የሟች ጫማ ሜዳ ላይ አይጣልም» ብሎ የሚያነሣው ዘመድ አሳቢ ቢሆንም፣ መርማሪው መኪናው በየት በኩል እንደመጣ የሚያውቅበትን ምልክት ሳያስበው ያጠፋል።

ሌላው የሚጠፋው ነገር የሚጠፋው በንዴት ነው። መንገዱን በድንጋይ ዘግቶ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ማስቆም በማታ ሌላ አደጋ ይጠራል፤ ያመለጠው መኪና ደግሞ ወደፊት ሄዷል እንጂ ወደዚያ አይመለስም። አሽከርካሪዎች ለምን እንደሸሹ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ሕዝቡ እንዳይገድለኝ ፈርቼ ነው» የሚል መሆኑንም እዚህ ላይ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። መልሱ አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ሰበብ ነው። የሚለየውም በቀጣዩ አድራጎት ነው፤ በእውነት የፈራ ሰው በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ነድቶ እጁን ይሰጣል፣ ሰበበኛው ግን የተጎዳ የመኪና አካል ወደሚያቀናው ባትላሜራ ይሄዳል።

መሬቱ የያዘው

ክረምት በጎጃም ለመርማሪ አይራራም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በተለይ በእንጅባራና በቲሊሊ በኩል፣ አንድ ዶፍ ዝናብ ደምን፣ ዘይትንና የጎማ አሻራን በአንድ ላይ ጠራርጎ ይወስዳል። በአካባቢው ከሚገኝ ቤት ሳፋ ወይም ላስቲክ አምጥቶ ስብርባሪው ባለበት ላይ መድፋትና ጠርዙን በድንጋይ መጫን ቀላል ሥራ ነው። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ከአደጋው ቦታ ራቅ ብሎ ቆሞ የሚመጡትን መኪኖች በባትሪ እያሳየ ወደ አንድ ጎን ቢያሳልፋቸው፣ አውቶቡሱ ስባሪውን ዱቄት አያደርገውም።

መርማሪው ሲደርስ ፕላን (የቦታውን ንድፍ) ከማንሣቱ በፊት ዝም ብሎ መሬቱን ቢያይ ይሻላል። ሰው የተመታበት ነጥብ ሰውየው የወደቀበት ቦታ አይደለም፤ አንዳንዴ በብዙ ሜትር ይራራቃሉ። የተመታበትን ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው ከመኪናው ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ) ሥር በድንጋጤው ተራግፎ የወደቀ ደረቅ ጭቃ ነው። ያ ጭቃ ሌላም ነገር ይናገራል። ከደጀን እስከ ቢቸና ያለው ሜዳ ጥቁር መረሬ ሲሆን፣ በመራዊና በአዊ በኩል ያለው አፈር ቀይ ነው። በደጀን አካባቢ አስፋልት ላይ ቀይ ጭቃ ተራግፎ ቢገኝ መኪናው ከየት ዞሮ እንደመጣ ለማሰብ መነሻ ይሆናል። ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ፍለጋው ወዴት እንደሚጀመር ለመወሰን ግን ይበቃል።

የመስታወት ስባሪን በዓይነቱ መለየት ያስፈልጋል። የመኪና የፊት መስታወት በመካከሉ ስስ ፕላስቲክ ያለበት ድርብ ስለሆነ ሲመታ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል እንጂ በብዛት አይረግፍም፤ የጎንና የኋላው መስታወት ግን እንደ በቆሎ ፍሬ ተፈልፍሎ ይረግፋል። የፊት መብራት ስባሪ በድሮዎቹ መኪኖች መስታወት፣ በአዲሶቹ ደግሞ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ስባሪ ጽሑፍ ያለበት ነው። እንደ ኮይቶና ስታንሌይ ያሉት የጃፓን መብራት ሠሪዎች በመብራቱ ፊት ወይም ጀርባ ላይ ስማቸውንና የዕቃውን ቁጥር ያትማሉ፤ ያ ቁጥር ለመለዋወጫ ነጋዴ ቢነገረው የየትኛው ሞዴል መብራት እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የቀኙ ይሁን የግራው ጭምር ይነግራል። ጥፍር የምታክል ስባሪ ሦስት ፊደልና ሁለት ቁጥር ይዛ ብትገኝ ሙሉ ታርጋ ከሩቅ ካየ ምስክር የምትሻልበት ጊዜ አለ፤ እሷ አትዋሽም፣ አትረሳምም።

የተሰበረው የትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅም ትርጉም አለው። በአገራችን መኪና በቀኝ ስለሚሄድ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ሲጓዝ ከኋላ የተመታ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው በመኪናው ቀኝ ጥግ ነው። የተገኘው ስባሪ የግራ መብራት ወይም የግራ ስፖኪዮ ከሆነ፣ ወይ እግረኛው ሲሻገር ነበር፣ ወይ መኪናው መሥመሩን ስቶ ነበር፣ ወይም በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣ ነበር። የመጨረሻው ከሆነ ፍለጋው በሙሉ ወደ ተሳሳተው ከተማ ሊሄድ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ አቅጣጫውን ሳያረጋግጡ ስልክ መምታት አይገባም።

የቀለም ቅርፊት ጥቃቅን ስለሆነ ይናቃል። ቢሆንም በአገራችን መኪኖች ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩና ደጋግመው ስለሚቀቡ፣ አንዲት ቅርፊት በጎኗ ሲታይ ከታች የፋብሪካው ቀለም፣ በላዩ ስቱኮ (የማለስለሻ ልስን)፣ ከዚያ ሌላ ቀለም፣ ከዚያም የመጨረሻው ቅብ ተደራርበው ይታያሉ። ነጭ መኪና በመቶ የሚቆጠር ይኖራል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ የነበረ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ የሆነ መኪና ግን ጥቂት ነው። ቅርፊቱ በንጹሕ ወረቀት ይጠቀለላል እንጂ በፕላስተር አይለጠፍም፤ ሙጫው የላዩን ቅብ ይዞት ይላቀቃልና።

የጎማ አሻራ ካለ በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ይለካል። ትናንሽ አውቶሞቢሎች አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆኑ፣ የሲኖትራክ የፊት ጎማዎች ሁለት ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ጥንድ ናቸው፤ ባጃጅ ሦስት መሥመር ይተዋል። የፍሬን ጭረት በደረቅ አስፋልት ላይ 20 ሜትር ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲይዝ በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ እንደነበር በስሌት ይገኛል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ከሆነ ግን ያው ርዝመት ከዚያ ያነሰ ፍጥነት ያሳያል። ምንም ጭረት አለመኖሩም መመዝገብ አለበት፤ ሾፌሩ ሰውየውን ጨርሶ አላየውም፣ ወይም አንቀላፍቷል፣ ወይም ጠጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ደግሞ መርማሪው ዕድለኛ ነው። ራዲያተሩ የተነደለ መኪና ውኃውን እያፈሰሰ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቆማል። ሰው በጨለማ የጄሪካን ውኃ የለመነበት ቤት ካለ ያን ቤት መፈለግ ነው።

ልብሱ፣ ጫማውና ዱላው

የተጎጂው ልብስ በሆስፒታል ተቀድዶ ይጣላል ወይም ለቤተሰብ ይሰጥና ይታጠባል። ሁለቱም ጥፋት ነው። ጋቢው፣ ኮቱ፣ ቁምጣው ሳይታጠብ በጥላ ደርቆ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ከረጢት መቀመጥ አለበት፤ በፌስታል የታሰረ እርጥብ ልብስ በሁለት ቀን ይሻግታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የጥጥ ክር በፓራውልቱ (በመኪናው የፊት መከላከያ) ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፣ የጋቢው ሽመና ደግሞ አንዳንዴ በቀለሙ ላይ እንደ ማኅተም ይታተማል። ልብሱ ከሌለ ክሩን ከምን ጋር ማመሳከር ይቻላል?

ብዙ መርማሪ የሚረሳው ዱላውን ነው። የጎጃም ገበሬ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ መጓዝ ልማዱ ነው፤ መኪናው ሰውየውን ሲመታ ዱላውንም ይመታል፣ ወይም ዱላው የመኪናውን ጎን ይፍቃል። በዱላው ላይ የቀረ የቀለም ፍቅ፣ በመኪናው ላይም የቀረ ረጅም ጭረት አንድ ላይ ሲመጡ ጠንካራ ነገር ናቸው። ዱላው ከአደጋው ቦታ ተነሥቶ የሌላ ሰው መመርኮዣ ከመሆኑ በፊት ይያዝ።

ሐኪሙም የሚጠየቀው አንድ ነገር አለ። የእግሩ ስብራት ከተረከዙ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሆነ በሴንቲሜትር ቢጽፍ መርማሪው የፓራውልቱን ቁመት መገመት ይችላል። ከጉልበት በታች የተሰበረ እግር ወደ አነስተኛ መኪና፣ ዳሌና ደረት ላይ ያረፈ ምት ወደ ጭነት መኪና ያመለክታል፤ ፍሬን የተያዘ መኪና አፍንጫውን እንደሚደፋና ምቱ ዝቅ እንደሚል ግን መዘንጋት የለበትም።

ያዩና የሰሙ ሰዎች

ምስክር ወዲያውኑና ለየብቻው ይጠየቅ። ሁለት ሰዎች ተሰብስበው ካወሩ በኋላ የሚሰጡት ቃል የአንድ ሰው ቃል ይሆናል። «ምን መኪና ነበር?» ከሚለው ይልቅ «ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ልጁ የመኪናውን ስም ባያውቅም «ከኋላው የማርያም ሥዕል ነበረበት» ሊል ይችላል። በእኛ አገር አይሱዙና ቅጥቅጥ ያለ ጽሑፍ አይሄድም፤ ከኋላ የተጻፈው ጥቅስ፣ የተለጠፈው ሥዕል፣ በመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው ጌጥ ከታርጋው በላይ በሰው አእምሮ ይቀራል። የኋላ መብራቱ አንድ ብቻ ይበራ እንደነበር፣ የሞተሩ ድምፅ፣ ተሳቢ ይኑረው አይኑረው ሁሉ ይመዝገብ። የቀለም ምስክርነት በማታ ከሆነ ግን በጥርጣሬ ይያዝ፤ በጨለማ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ቀይና ቡናማ ይቀላቀላሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ጭነቱን መጠየቅ ያዋጣል። እረኞች በመንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ጭነት ስለሆነ አይሳሳቱበትም። ከአዊ በኩል የዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት) ከሰል ጭኖ የሚወጣ መኪና በአብዛኛው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነው፤ ባዶውን ከሆነ ደግሞ የሚመለስ ነው። የባሕር ዛፍ አጣና፣ በቆሎ፣ ጤፍ የጫነ መኪናም እንዲሁ መነሻና መድረሻ አለው፤ የጫኑለት ሰዎችም ስሙን ያውቁታል።

ታርጋው በከፊል ከታየም አይናቅ። ለብዙ ዓመታት ባገለገለው ሰሌዳ ላይ ከቁጥሩ በፊት ያለው ኮድና ቀለሙ ብዙ ይለያል፤ ኮድ 1 ቀይ ሆኖ ለታክሲ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ ለግል፣ ኮድ 3 አረንጓዴ ለንግድ፣ ኮድ 4 ጥቁር ለመንግሥት ነው። ከአምስቱ ቁጥሮች ሁለቱ ባይታዩ የሚቀረው 100 አማራጭ ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ አማ የሚል፣ ኮድ 3 የሆነና አይሱዙ የሆነ ሲመረጥ ዝርዝሩ በእጅ ጣት ሊቆጠር ይችላል።

ሰዓቱና መንገዱ

መኪናው የት ሊደርስ እንደሚችል ማስላት የጎጃም መርማሪ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ ምክንያቱም የዋናው መንገድ መውጫዎች ጥቂት ናቸው። እንበልና ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ሰው ተገጨ፣ መኪናውም ወደ ፍኖተ ሰላም አቅጣጫ ሄደ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ጂጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ ከአስፋልቱ ቢወጣ ወደ ገጠር የሚገባ የጠጠር መንገድ ነው፤ እዚያ የገባ እንግዳ መኪና ደግሞ በመንደሩ ሁሉ ይታያል። ቡሬ ሲደርስ ግን መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ነቀምት፣ ሌላው ወደ እንጅባራ። እንጅባራ ላይ እንደገና ወደ ቻግኒና ወደ ዳንግላ ይለያያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ መደወል ያለበት ለፍኖተ ሰላም፣ ሁለተኛው ለቡሬ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከተደወለ ግን ለነቀምቱም ለእንጅባራውም መንገድ መደወል የግድ ይሆናል።

በተቃራኒው ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ከሆነ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አለው፤ ከማርቆስ እስከ ደጀን ደግሞ 70 ገደማ። ደጀን ላይ አንዱ መንገድ በቢቸናና በሞጣ ዞሮ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል፣ ሌላው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በረሃው የተፈጥሮ ኬላ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት ጭነት ላለው መኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በህዳሴ ድልድይ ላይም ሳያልፍ መሻገር አይችልም።

ለኬላ የሚተላለፈው መልእክት «ሰው የገጨ አይሱዙ ያዙ» የሚል ብቻ ከሆነ በዚያች ሌሊት ያሉት አይሱዙዎች ሁሉ ይያዛሉ፣ ጥፋተኛው ግን በግርግሩ ያልፋል። መልእክቱ «ነጭ አይሱዙ፣ የቀኝ የፊት መብራቱ የተሰበረ፣ የጫነው ከሰል፣ ደምበጫን ያለፈው 1 ሰዓት ተኩል ላይ» ቢል ግን ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ በባትሪ አንድ ጊዜ አይቶ ይለየዋል።

ካሜራ ያላቸው ነዳጅ ማደያዎች፣ ባንኮችና ሆቴሎች በየከተማው መግቢያ አሉ። ቅጂው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌላ ስለሚተካ በማግሥቱ መጠየቅ አለበት። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። በካሜራው 19፡40 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ነው። ከዚህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሌላ ካሜራው ራሱ ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚቆጥር ሊሆን ስለሚችል፣ መርማሪው ቅጂውን ሲወስድ የካሜራውን ሰዓትና የራሱን ስልክ ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፍ። ብዙ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ ስለተገጠመላቸውም የተጠረጠረው መኪና በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ ከዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ጋራዥና መለዋወጫ

በኬላ ያልተያዘ መኪና በሦስት ቀን ውስጥ ጋራዥ ይፈልጋል። በአንድ መብራት በማታ መንዳት ፖሊስን መጥራት ስለሆነ መብራቱ መጀመሪያ ይገዛል። መርማሪው ለመለዋወጫ ሱቆች የሚያቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ «በዚህ ሳምንት የዚህን ሞዴል የአንድ ወገን መብራት ብቻ የገዛ ወይም የጠየቀ ማን ነው?» ጥያቄው በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በባሕር ዳር ይጠየቃል፤ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ያመራ ከሆነ ደግሞ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ይሄዳል።

ለባትላሜራና ለቀለም ባለሙያዎች የምሰጠው ምክር ተከሳሽ ወይም ዳኛ እንዳይሆኑ ነው። የፊቱ የተመታ መኪና ሲመጣ «የትራፊክ ፖሊስ ወረቀት አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መድን ድርጅት ካሳ ሲጠየቅ ይህንኑ ወረቀት ስለሚፈልግ፣ መድን ያለው መኪና ባለቤት ወረቀት ሳይኖረው በጥሬ ገንዘብ፣ በሌሊት፣ «በጠዋት ይድረስልኝ» ብሎ ከመጣ ነገሩ ያስጠረጥራል። ባለሙያው ከሥራው በፊት ፎቶ ያንሣ፣ ታርጋውንና ቀኑን በደብተሩ ይጻፍ፣ የፈታውን አሮጌ ዕቃም ለቁራሌ አይስጥ። የተሰበረው የመብራት ቅርፊት በጋራዡ ጥግ ለአንድ ወር ቢቀመጥ ለማንም አይከብድም፤ በመንገድ ላይ ከተገኘው ስባሪ ጋር ተገጣጥሞ ስንጥቁ ከስንጥቁ ከገጠመ ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በችሎት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

መርማሪው ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ሰው ግቢ ሲገባ የፍርድ ቤት የብርበራ ትዕዛዝ ይዞ ይግባ። ማስረጃው ትክክል ሆኖ ሳለ አያያዙ ሕግ የጣሰ ስለሆነ ብቻ ክርክር ሲነሣበት ማየት ያሳዝናል።

የተስተካከለ መኪናም ቢሆን ምልክት አለው። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንደኛው በፀሐይ የደበዘዘ፣ ሌላው አዲስ ሆነው ሲታዩ፣ የአንድ ወገን ብሎኖች ብቻ ሲያብረቀርቁ፣ በበሩ ጎማ ጠርዝ ላይ የቀለም ርጭት ሲገኝ፣ ኮፈኑ በጣት ሲቆረቆር በአንድ ቦታ እንደ ላሜራ ሳይሆን እንደ ስቱኮ ድምፁ ሲደፈን፣ መኪናው በሙሉ አቧራ ለብሶ ፊቱ ብቻ ታጥቦ ሲታይ መጠየቅ ይገባል። የታጠበ መኪናም ከላይ እንጂ ከሥር አይታጠብም፤ ስለዚህ በጉድጓድ ወይም በክሪክ ላይ ሆኖ ሻንሲው፣ የፓራፋንጎው የውስጥ ጠርዝና የብሎኖቹ ራስ ይታዩ። ፀጉር፣ ክርና ደም የሚቀረው እዚያ ነው።

«አህያ ገጨሁ» የሚለው ቃል

የተሰበረ መኪና ይዞ የተገኘ ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አህያ ገጭቼ ነው» ወይም «ላም ገብታብኝ ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል በሌላ አገር ለማጣራት ሊያስቸግር ይችል ይሆናል፣ በጎጃም ግን ቀላል ነው። ላሙ የሞተችበት ወይም አህያው የተሰበረበት ገበሬ ዝም ብሎ አያልፍም፤ አቤት ይላል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ለቀበሌ ይነገራል። «የት ቀበሌ? የማን ላም? ስንት ከፈልክ? ማን ሸመገለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጣ ሾፌር የገጨው ከብት አይደለም። የተገኘው ፀጉር የከብት ይሁን የሰው፣ ደሙም የሰው መሆን አለመሆኑ በፎረንሲክ ምርመራ ይለያል።

ሌላው ሰበብ «መኪናውን የነዳው ሌላ ነው» የሚለው ነው። ረዳቱ፣ ባለቤቱና ሾፌሩ ለየብቻ ይጠየቁ፤ የእያንዳንዱ ስልክ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ በሕጋዊ ትዕዛዝ ይጣራ። የተያዘው ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ችሎት ፊት መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ ስብርባሪው፣ ልብሱና ፎቶው ሰውየው ከመያዙ በፊት ተዘርዝሮ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ የተገኘበት ቦታና ሰዓት ተጽፎበት፣ ያየው ታዛቢ ፈርሞበት ቢጠብቅ መልካም ነው። ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍም የተረካቢው ፊርማ አይቅር።

ለቤተሰብ

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543፣ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው አለመርዳት ደግሞ በአንቀጽ 575 ይታያሉ፤ ራሱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥሎ ሲሄድ ቅጣቱ ይብስበታል። ይህን የማነሣው በጎጃም ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ቶሎ ስለሚገቡ ነው። ሽምግልናው ቂም ስለሚያበርድ ክቡር ነው፤ ይሁንና የፖሊስ ምርመራውን ቀድሞ ከተፈጸመ መኪናው ተቀብቶ፣ ስባሪው ተጥሎ፣ ምስክሩ ተበትኖ ይቀራል። ሞት ባለበት ጉዳይ ላይ እርቁ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያቆምም፤ ያለ ፖሊስ ሪፖርትም ከመድን ካሳ መጠየቅ አይቻልም። ምርመራው መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ይቀመጡ።

መኪናው ከተገኘ ሾፌሩ ድሃ ቢሆንም ቤተሰቡ ባዶ እጁን አይቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ተሰርቆበት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ስለሆነ ለቅሶው ሲበርድ ሊያስቡበት ይገባል።

መኪናው ጨርሶ ካልተገኘም አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያቋቋመው የመድን ፈንድ አለ፤ ማንነቱ ባልታወቀ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዱ ሰዎች የሚከፍለው እሱ ነው። ቤተሰቡ የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ ወይም የሞት የምስክር ወረቀት፣ የወራሽነት ማረጋገጫና የመታወቂያ ቅጂ ይዞ መጠየቅ ይችላል። የመርማሪው መዝገብ ግን ገንዘቡ በመከፈሉ አይዘጋም። መኪናው በየዓመቱ ቦሎ ለማደስ ለምርመራ መቅረቡ አይቀርም፣ ሊሸጥም ሊለወጥም ይችላል፣ ረዳቱም ከጌታው ጋር ተጣልቶ አንድ ቀን ሊናገር ይችላል፤ ያን ቀን የሚፈለገው በኤግዚቢት (የማስረጃ ማስቀመጫ) ክፍሉ መደርደሪያ ላይ፣ በፖስታው ውስጥ የተቀመጠው የመብራት ስባሪ ነው።